ቦርሳ ያዘለ ሐበሻ ሁሉ ስደተኛ አይደለም

ሰላም ለእናንተ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጉዞ ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም፣ ግን ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የሚወጣው ወይ በፕሌን ዱባይ ደርሶ ስለመጣ ሰው ነው፣ ወይ ፈረንጅ መጥቶ አገራችንን አደነቀ የሚል ነው። በአውቶቡስ ሄዶ፣ ርካሽ አልጋ ፈልጎ፣ በሶ በጥብጦ እየጠጣ ስለሚዞር ኢትዮጵያዊ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። እኛ አራት ጓደኛሞች በጥር ከጥምቀት ማግስት ወጥተን ያየነውን ልጽፍላችሁ ነው፣ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

መነሻው እቁብ ነው። እቁብ እንበለው እንጂ ዕጣም የለው፣ የሚበላውም የለም፣ በየወሩ ስድስት ስድስት ሺህ ብር አንድ ዓመት ሙሉ አጠራቀምን። አራታችንም ደሞዝተኞች ነን፣ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ብርና ዶላር እንዴት እንደተራራቁ ለናንተ አልነግርም። ኬንያን የመረጥነው ቪዛ ስለማንጠየቅና መሬት ለመሬት ስለሚደረስ ነው። ሐሳባችን መጀመሪያ ፃቮ ፓርክ አውሬ ማየት፣ ከዚያ ዲያኒ ወርዶ ባህር ዳርቻ ላይ መተኛት። በቃ ይኸው ነው።

ይሄን ለናቴ ስነግራት አለቀሰች። እኔ የምታለቅሰው ባህር ይበላኛል ብላ መስሎኝ ነበር፣ ለካ "በሞያሌ" የሚለውን ስትሰማ ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው ብላ ነው። አልፈርድባትም። በዚያ መንገድ ስንት የሆሳዕናና የዱራሜ ልጅ እንደሄደ፣ ስንቱ ታንዛኒያና ማላዊ እስር ቤት እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ኮንቴይነር ተከፍቶ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ሞተው መገኘታቸውን እሷም በቲቪ አይታለች። የመመለሻ ቀናችንን ጽፈን ፍሪጅ ላይ ለጠፍንላት፣ እሷ ግን ስለት ተሳለች።

ድንበሩ ላይ ችግር አልነበረም፣ ሞያሌ ላይ መውጫና መግቢያ ማህተም አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚመታው፣ የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ እንጂ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ኢሲዮሎ እስኪደረስ መንገዱ ጠፍጣፋ አስፋልት ነው ግን ኬላው አያልቅም፣ ስንት ጊዜ እንዳስወረዱን ስቆጥር ሰባት ላይ ሰለቸኝና ተውኩት። ፓስፖርታችን ላይ ማህተም አለ፣ ቪዛ አያስፈልገንም፣ የባቡር ትኬት ይዘናል፣ ግን ወጣት፣ ቦርሳ ያዘለ፣ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያው መልሱ አስቀድሞ ተጽፏል። አንደኛው ኬላ ላይ "ቱሪስት ነን" ስንለው ጠባቂው ጓደኛውን ጠራና "ኢትዮጵያዊ ቱሪስት!" ብሎ ሳቀብን። ያዳነን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመዋኛ ጎማ። አንዱ ጓደኛችን ዋና ስለማይችል (እውነቱን ለመናገር አንዳችንም አንችልም) ከመርካቶ ዳክዬ ያለበት የልጅ ጎማ ገዝቶ ነበር፣ ከቦርሳው ስቦ አውጥቶ አንገቱ ላይ ሲያጠልቀው ሰውዬው አይቶ አይቶ ሂዱ አለን። ደቡብ አፍሪካ በዳክዬ አይኬድማ።

ናይሮቢ ላይ አንድ ቀን ኢስሊ የሚባል ሰፈር አደርን፣ እንጀራም አገኘን። ጠዋት ባቡር ጣቢያ ቦርሳችሁን መሬት ላይ ደርድሩ ይባላል፣ ውሻ ያሸተዋል፣ ውሻው የኔ ቦርሳ ጋ ሲደርስ አልንቀሳቀስ አለ፣ ሁሉም ሰው አየኝ፣ ሲከፈት ቋንጣ ነው። ያ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የቻይናው ነው፣ ከኛው የጅቡቲ ባቡር ጋር ወንድማማች በሉት። ፃቮን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ሐዲዱ ከፍ ባለ ድልዳል ላይ ነው፣ ዝሆኖች እንዲያልፉ በየቦታው ከስሩ መሹለኪያ ትተውላቸዋል። መስኮት ዳር ተቀምጬ ሁለት ዝሆን ከሩቅ አየሁና ጮህኩ፣ ከፊት ለፊቴ ያሉት እናት ግን ሹራብ መሥራታቸውን እንኳን አላቆሙም።

ቮይ ላይ ወረድን። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የፓርኩ በር ቅርብ ነው፣ የናንተ ገጽ ቢጽፈው የምመኘውም ይሄንን ነው፣ ማለትም መኪና የሌለው ሰው እንዴት ይገባል የሚለውን። ማረፊያ ቤታችን ውስጥ ሁለት የስፔን ልጆች ነበሩ፣ ስድስት ሆነን ጣሪያው የሚከፈት ሚኒባስ ተከራየን፣ ወጪው ተካፈለ። ሹፌሩ "ሳ ኩሚ ና ሞጃ ዝግጁ ሁኑ" አለ፣ ስፔኖቹ አስራ አንድ ሰዓት ሲባል ከቀኑ ይሁን ከማታው ግራ ገባቸው፣ እኛ ግን ወዲያው ገባን፣ ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነዋ! ከሌሊቱ አስራ አንድ ተነስተን አስራ ሁለት ሰዓት በሩ ሲከፈት ደረስን። በሩ ላይ ካሽ አይቀበሉም፣ ክፍያው በስልክ ነው፣ ሹፌሩ ከፍሎልን በእጁ ሰጠነው። የፕላስቲክ ውሃም አይገባም፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፣ ኮዳ የያዘው አንዱ ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ ሲኮራብን ዋለ። (እኛም አገር ፌስታል የሚከለክል አዋጅ በ2017 ጸድቋል፣ እስቲ እናያለን።)

የፃቮ አፈር እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ዝሆኖቹ አቧራውን በኩምቢያቸው ራሳቸው ላይ እየበተኑ ስለሚውሉ ቀይ ይመስላሉ፣ አንድ መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ ሹፌሩ ሞተር አጠፋ፣ ግልገሏ መሃል ገብታ በናቷ እግር ስር ስትሄድ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንበሳም አይተናል፣ ወንዱ ጎፈር የለውም ለማለት ይቀላል፣ የዚያ አገር ወንዶች ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው አሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1898 የባቡር ድልድይ ሲሠሩ ሁለት አንበሶች ሠራተኛ እየበሉ ሥራውን ያስቆሙት እዚያው ፃቮ ወንዝ ላይ ነው፣ ስንት ሰው እንደበሉ እስከዛሬ ያከራክራል። እኔን ግን ልቤን የነካኝ ሳላ ነው። ስፔኖቹ ፎቶ እንኳን አላነሱትም፣ እኔ ድሬዳዋ ስሄድ አዋሽ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ውልብ ብሎ ሲያልፍ የማውቀው ቀንዱ ቀጥ ያለ እንስሳ እዚህ ቆሞ ያየኛል፣ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ስለ ሞምባሳ ብዙ አልልም፣ ሙቀቱ ይገድላል። ሊኮኒ ላይ ጀልባው ለእግረኛ ነፃ ነው፣ ከዚያ በማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ኡኩንዳ፣ ከዚያ በባጃጅ ዲያኒ።

ባህር። እኔ ባህር ያየሁት በ29 ዓመቴ ነው፣ አሸዋው ዱቄት ነው፣ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጨው መሆኑን እያወቅን አራታችንም ቀምሰነዋል። ጠዋት ውሃው ይሸሻል፣ ርቆ ይሄዳል፣ እስከ ሪፉ (የኮራሉ ድንጋይ) ድረስ በእግር ይኬዳል፣ ያኔ ነው በባዶ እግሬ የባህር ጃርት የረገጥኩት። አስራ ምናምን እሾህ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ጥሬ ፓፓያ ቆርጠው ወተቱን ቀቡልኝ፣ ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፣ "ፖሌ ፖሌ" (ቀስ በል) ብለውኝ ሄዱ። ስለዚህ ጫማ አድርጋችሁ ግቡ።

እዚያ ደግሞ ጉሬዛ አለ። ነጭና ጥቁሩ፣ ከኛው ጋር ዘመድ ነው፣ ሳይንቲስቶች ለኛው ጉሬዛ የሰጡት የላቲን ስም ራሱ ከአማርኛው ነው የተወሰደው። ዲያኒ ላይ መኪና እንዳይገጫቸው ከአስፋልቱ በላይ የገመድ ድልድይ ዘርግተውላቸዋል፣ ቁጭ ብለን ሲሻገሩ አየን። ያን እያየን ሳለ ጦጣ የቀረችንን በሶ ከነከረጢቱ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች፣ በትና በትና ነጭ ሆና ስታስነጥስ ሳቃችን አላቆም አለ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልመለስ። በኬላ የሳቀብንን ሰውዬ አልተቀየምኩትም። የሚያበሽቀኝ አገራችን ውስጥም ያው መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት በፊት አንድ ፓርክ ሄደን (ስሙን ልተወው) በሩ ላይ "መኪናችሁስ?" ተባልን፣ የለንም ስንል "ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?" ተባልን፣ የምንከራየውም የምንዳበለውም ጠፍቶ ተመለስን። የሰላሙ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ፈረንጅ ቦርሳ ሲያዝል ቱሪስት፣ እኛ ስናዝል ወይ ስደተኛ ወይ ሥራ ፈት የምንሆነው እስከመቼ ነው? በየፓርኩ አቅራቢያ ባለች ከተማ የጋራ መኪና የሚገኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ምን ይከብዳል፣ እናንተም በገጻችሁ ላይ ዋጋውን ከነአውቶቡሱ ብትጽፉልን።

እቁቡን በመጋቢት እንደገና ጀምረናል፣ አሁን አርባምንጭ ነው፣ ነጭ ሳርና ጫሞ ላይ አዞ ገበያ። የጀልባው ኪራይ ለአራት ሰው ይከብደናል፣ ከአንባቢዎቻችሁ ውስጥ በጥቅምት መጨረሻ ወደዚያ የሚሄድና አብሮን የሚሳፈር ካለ በናንተ በኩል ያሳውቀን፣ ጎማው አለን።

አንባቢያችሁ፣ ከጀሞ