ከታመማችሁ ቅሩ፣ የምትጠብቁም ቅሩ በሏቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን "ትንሽ ስላሳለኝ ትኬቴን ላቃጥል እንዴ፣ አውሮፕላኑ እኮ አየሩን የሚያጣራ ፊልተር አለው" ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሰራው፣ ውሎዬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ካለፋቸው አዛውንቶች ጋር ነው፣ አንድ ጠያቂ ይዞት የገባ ጉንፋን ኮሪደሩን ሙሉ እንዴት እንደሚያዳርስ ስለማይ ነው የምጽፈው። ወንድሜን ለመውቀስ አይደለም፣ እሳቸው በግልጽ የጻፉትን ብዙዎቻችን በሆዳችን ይዘነው ነው የምንሳፈረው።

መጀመሪያ ስለ ፊልተሩ። ያሉት እውነት ነው፣ የአሁኖቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች ሄፓ የሚባል ማጣሪያ አላቸው፣ በውስጡ የሚያልፈውን ተህዋስ ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል፣ የካቢኑ አየርም በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይቀየራል፣ ይሄ ከብዙ ቢሮ ይሻላል። ግን ፊልተሩ የሚያጸዳው እሱ ጋ የደረሰውን አየር ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያስል መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው፣ ወደ ፊልተሩ የሚሄደው ከዛ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 2003 ሳርስ የሚባለው የሳንባ በሽታ በነበረ ጊዜ ከሆንግ ኮንግ ወደ ቤጂንግ በሄደ አንድ የ3 ሰዓት በረራ ላይ አንድ በሽተኛ ተሳፍሮ 22 ሰው ከሱ ሳይያዝ እንዳልቀረ ነው በኋላ ያጠኑት ሰዎች የጻፉት፣ ከተያዙት ውስጥ ብዙ ረድፍ ርቀው የተቀመጡም ነበሩበት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ደሞ የባሰ ነው። በ1977 አላስካ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ ሶስት ሰዓት ያህል ቆመ፣ አየር ማዘዋወሪያው ጠፍቷል፣ ውስጡ 54 ሰው አለ፣ ከነሱ አንዱ ኢንፍሉዌንዛ ይዞታል። በሶስት ቀን ውስጥ 72 በመቶው ታመመ። ይሄ እኛን ይመለከተናል፣ ምክንያቱም ቦሌ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወደ አሜሪካ ጭኖ የሚነሳ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፣ ተሳፋሪው ከነሻንጣው እዛው ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። የመሳፈሪያው በር ሰልፍ፣ የቪዛው ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቂያው ጋ ያለው ትፍግፍግ ደሞ ፊልተር የሚባል ነገር የለውም።

ርዝመቱንም አንርሳ፣ ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ቲቢ ባወጣው መመሪያ ላይ አደጋ አለው ብሎ የሚቆጥረው 8 ሰዓትና ከዛ በላይ የሚፈጅ በረራን ነው፣ የታመመው ሰው በተቀመጠበት ረድፍ፣ ከፊቱ ሁለት ረድፍ፣ ከኋላው ሁለት ረድፍ ያሉ ሰዎች ተፈልገው መመርመር አለባቸው ይላል። የኛ መንገድ በሙሉ ከዛ በላይ ነው። ቲቢ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሐኪሙ "አሁን አታስተላልፍም" እስኪል ድረስ መታገስ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እድሜ ልክ የሚያስቀር ነገር አይደለም፣ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ይደነግጥና ይደብቀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ። አምና ደለስ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ሶስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አቅፋለች፣ የልጅቷ ዓይን ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ታስላለች። እናትየው ከቦርሳዋ ታይሌኖል የሚባለውን የልጆች የትኩሳት ማስታገሻ አውጥታ በክዳኑ ቀድታ አጠጣቻትና ለባሏ ቀስ ብላ "ካሜራው እንዳይዛት ነው" አለችው። ቦሌ ላይ ሙቀት የሚለካውን ካሜራ ማለቷ ነው። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር፣ እህቷ ልትዳር ነው፣ የሰርጉ ቀን ተቆርጧል፣ አራት ትኬት ተከፍሎበታል። በኋላ በሰው በሰው ሰማሁ፣ ልጅቷ ተራ ጉንፋን ነበር የያዛት፣ ማንም አልታመመም፣ ተመስገን። ግን እዛ ሰልፍ ላይ ይሄን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፣ እናትየውም አታውቅም ነበር። ምክንያቱም ኩፍኝም ሲጀምር ልክ እንደዛ ነው የሚጀምረው፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥ፣ የቀላ ዓይን። ሽፍታው የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ ሰው ግን ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፍ ይጀምራል። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳን እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፣ አጠገቡ ከነበሩ ክትባት ካልወሰዱና በፊት ካልያዛቸው 10 ሰዎች እስከ 9ኙን ይይዛል። ታይሌኖል ትኩሳቱን ያወርደዋል እንጂ መተላለፉን አያቆመውም።

ኩፍኝ ድሮ ቀረ የሚል ካለ አሜሪካ በፈረንጆቹ 2000 ኩፍኝን አጥፍቻለሁ ብላ አውጃ በ2019 ከሺ በላይ ሰው ታሞባታል፣ በ2025 ደሞ ከቴክሳስ ተነስቶ ወደ ሌሎች ስቴቶችም ተዛምቷል። እኛም አገር በየጊዜው ይነሳል። በዛው በ2019 ከኒውዮርክ ቴልአቪቭ የምትበር አንዲት እስራኤላዊት የበረራ አስተናጋጅ በኩፍኝ ታማ ወደ አንጎሏ ደረሰና ከወራት በኋላ አረፈች፣ የሶስት ልጆች እናት ነበረች። ልጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ዓመት ሲሞላው ነው፣ ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ህፃን ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ግን ቀደም ብሎ አንድ እንዲወጋ ይመከራል። ለአያት ለማሳየት የስምንት ወር ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ስንት ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት የህፃናት ሐኪሙን ጠይቁ፣ በሄዳችሁ ሰሞን ሳይሆን ቀደም ብላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በሽተኛ ሆኖ የሚሳፈር ሰው ብቻውን አይደለም የሚወስነው፣ እኛ ነን የምናስወስነው። ስልክ ላይ "አመመኝ፣ ልቅር መሰለኝ" ሲል "አይ ዋናው መምጣትህ ነው፣ እዚህ ስትደርስ ይሻልሃል፣ ያገር ቤት አየር ያድንሃል" የምንለው እኛ ነን። ከቀረ ደሞ ዓመት ሙሉ የሚያነሱበት ዘመዶች አሉ፣ "ለወንድሙ ሰርግ እንኳን ያልመጣ" እየተባለ። ሰውየው ትኩሳቱን ዋጥ አድርጎ ይመጣል። ከዛ በሩ ላይ እልልታ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ሶስት አራት ጊዜ ይስመዋል፣ የሰማንያ ዓመት እናት አንገቱን አቅፋ አትለቀውም፣ ቡናው ሲፈላ በዛች ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው ነው፣ መስኮቱ "ብርድ እንዳይመታው" ተብሎ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ላይ ፊልተር ነበረ እንበል፣ እዚህ ምንም የለም። ስኳር ያለባቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸው፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው ቀድመው የሚመጡት፣ እነሱን ለማየት ብሎ የሄደ ሰው እነሱን አስተኝቶ ሲመለስ ከዚህ የበለጠ ምን ያሳዝናል።

ለቅሶ ሲሆን ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እናትህ ሞታ ታምሜያለሁና ልቅር ማለት አንጀት ይቆርጣል። ግን እስኪ በደንብ እናስበው፣ ከዚህ የሚሄድ ሰው ለቀብር አይደርስም እኮ፣ ክርስቲያኑ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይቀበራል፣ ሙስሊሙ በዛው ቀን፣ እኛ ትኬት ቆርጠን እዛ እስክንደርስ አፈሩ ደርቋል። የምንደርሰው ለለቅሶው ነው፣ ለለቅሶው ደሞ ሌላ ቀን አለው፣ አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ለአርባው የደረሰ ልጅ አልቀረም። ኮቪድ ጊዜ ስንቱ በቪዲዮ አልቅሶ በኋላ ሄዶ መቃብሩ ላይ ቆሟል፣ ማንም ያንን ልጅ አልወቀሰውም። ያኔ የቻልነውን ይቅርታ ዛሬስ ለምን እንነፍጋለን።

ስለ ትኬቱ ገንዘብ ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከአሜሪካ ለሚነሱና ወደ አሜሪካ ለሚመጡ በረራዎች፣ የውጭ አገር አየር መንገዶችንም ጨምሮ፣ የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ደንብ አለው፣ አየር መንገዱ ራሱ በተላላፊ በሽታ ምክንያት "አሁን መሳፈር አትችልም" ብሎ ካስቀረህ በ90 ቀን ውስጥ በዛው ዋጋ ያለቅጣት እንድትሄድ ማድረግ አለበት፣ አንተ ከመረጥክ ደሞ ያልተጠቀምክበትን ገንዘብ ይመልሳል። ይሄ ለተራ ጉንፋን አይሰራም፣ በረራ ላይ በቀላሉ ለሚተላለፍና ከበድ ያለ ጉዳት ለሚያመጣ በሽታ ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ወረቀት ያዙ፣ ከበረራው ቀን በፊት ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ዝም ብላችሁ ኤርፖርት ሳትሄዱ ከቀራችሁ ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ የትኬት ኤጀንሲዎቻችንን ደሞ በዚህ አጋጣሚ ልለምናቸው፣ ትኬት ስትሸጡ የቅጣቱን ነገር ብቻ አትንገሩን፣ ታመን ብንቀር ምን ማድረግ እንዳለብን፣ የትኛው ትኬት ቀን እንደሚቀየርለት በአማርኛ አስረዱን፣ እናቶቻችን የእንግሊዝኛውን ደቃቅ ጽሁፍ አያነቡትም።

ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን ግን በዚህ ውስጥ አልከትም። አሰሪዋ ትኬት ቆርጦ ሂጂ ካላት፣ ቪዛዋ ካለቀ፣ ታማ ብትሆንም ምርጫው የሷ አይደለም። ለነሱ የሚያስፈልገው ቦሌ ሲደርሱ ሳይሸማቀቁ የሚመረመሩበትና በነፃ የሚታከሙበት ቦታ ነው፣ ይሄን የሚመለከተው ሁሉ ቢያስብበት።

ጉንፋን ይዞኝ የግድ መሄድ ካለብኝስ የሚል ሰው አለ። ጉንፋን መስሎ የጀመረ ኮቪድ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመር፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ ፋርማሲ ይሸጣል። ትኩሳት ካለው ይቅር። ትኩሳት ከሌለውና ጉንፋን ብቻ ከሆነ ጥሩ ማስክ፣ ኤን 95 ዓይነቱን፣ ከበላና ከጠጣ ሌላ ሳያወልቅ ይሂድ፣ ሲደርስ ደሞ "ጉንፋን ይዞኛል፣ አትሳሙኝ" ብሎ ከበሩ ላይ ይናገር፣ እጅ ነስቶ ሰላምታ መስጠት የኛው ባህል ነው፣ ማንም አይቀየምም። ለራሱም ያስብ፣ አፍንጫው የተደፈነ ሰው አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮው የሚያመው ዝም ብሎ አይደለም፣ ግፊቱ ሲቀየር አየሩ መውጫ መግቢያ ስለሚያጣ ነው፣ የጆሮው ታምቡር እስከመቀደድ የሚደርስም አለ። ሳንባው የታመመ ሰው ደሞ የካቢኑ አየር ከመሬት ቀጠን ያለ መሆኑን ይወቅ፣ ከባህር ጠለል ላይ ተነስቶ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ እንደመውጣት ያህል ነው።

ያገር ቤት ቤተሰቦች ይሄን ጋዜጣ በኢንተርኔት እንደሚያነቡት ስለማውቅ ለነሱ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ደውሎ አመመኝ ሲላችሁ "ና" ከማለታችሁ በፊት ትኩሳት አለህ ወይ፣ ሐኪም ምን አለህ ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዛ ከእናቱ አፍ "ቅር ልጄ፣ ሲሻልህ ትመጣለህ" የሚለውን ይስማ። ያንን ካልሰማ እኔ ወይ ሐኪሙ ብንነግረው አይቀርም።

ለፋሲካ የሚሄዱ ሰዎች ትኬት የሚቆርጡበት ጊዜ እየደረሰ ስለሆነ ደብዳቤዬን ከዛ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ ሌላውን ቀንሱት፣ የ90 ቀኑንና የህፃናቱን ክትባት ግን አትቁረጡብኝ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ