ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም

ሄሉዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብትቆጪኝ እውነትሽን ነው። የመጨረሻ መልእክትሽን ሳልመልስ ቀረሁ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ እፍረቱ እየባሰብኝ ሄደ። ይቅር በይኝ። ግን ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የሌለኝ ነገር ገጠመኝና ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

አሁንም ሐዋሳ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ ከፍቻለሁ። እማዬ ደግሞ ከአለታ ወንዶ ወጣ ብሎ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ አያቴ ቤት ገብታለች። ቤይሩት ካለችው እህቷ ጋር በኢሞ እንድትተያይ ብዬ የ4ጂ ስልክ ገዛሁላት። ስልኩ እኔ ጋ ሲሆን ሁለት ቀን ይቆያል። እሷ ጋ ሲሄድ ግን ከሰዓት ሳይደርስ ይዘጋል። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እንደ ምጣድ ጋለ እኮ" ትለኛለች። ባትሪውን ሁለቴ ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት በጣም አመማት። ልትደውልልኝ ስታነሳው ጠፍቷል። ጎረቤቶች ደረሱላት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ጠዋት ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ስልኩን አዘጋጅቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ሙያዬም ይኸው ነው።

ስልኩን ወደ ሱቅ አመጣሁት። ባትሪውን አውጥቼ ከፓወር ሳፕላይ ጋር አገናኘሁትና የቪዲዮ ጥሪ ከፈትኩ። አምፒሩ ረጋ ያለ ነው። ከዚያ ታወር የራቀው እንዲመስለው አንቴናው ያለበትን ጎን በአልሙኒየም ፎይል፣ ሙሉ በሙሉ ሳልዘጋው፣ ሸፈን አደረግኩት። ቁጥሩ ዘለለ! ሳነሳው ይወርዳል፣ ስመልሰው ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ቦርዱ መጋል ጀመረ፤ ባትሪው እኮ ወጥቷል! የምትግለዋ ከአንቴናው አጠገብ ያለችው ፒኤ፣ ሲግናሉን አጉልታ ወደ አንቴናው የምትልከው ፓወር አምፕሊፋየር ናት።

ፓወር አምፕሊፋየርን አብረን ስንማር ለፈተና ብቻ ነበር ያጠናነው። ታወሩ ሲርቅ ስልኩን "አልሰማሁህም፣ ጩህ" ይለዋል፤ የምትጮኸው እሷ ናት። የ2ጂ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ ታወሩ ሲቀርበው እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ ይወርዳል፣ ሲርቀው እስከ 2 ዋት ይወጣል። ከስድስት መቶ እጥፍ በላይ ነው! የ4ጂ ስልክ ግን ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 200 ሚሊዋት ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይግላል?

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። የ2ጂ ሞገድ ቁመቱ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ ፒኤዋን እስከ ጥጓ ማሠራት ይቻላል። የ4ጂው ብዙ ዳታ ስለሚሸከም ቁመቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ጫፉ ከተቆረጠ ሲግናሉ ይበላሻል፣ ጎረቤት ቻናልም ይረበሻል። ስለዚህ ፒኤዋ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ጫፍ ቦታ ትታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአቅሟ በታች ትሠራለች። ለአንድ ቀን ሠርግ ተብሎ ትልቁን ጄኔሬተር ዓመቱን ሙሉ እንደማስነሳት ነው። ክላስ ቢ የሚባለው የአምፕሊፋየር ዓይነት ሙሉ ኃይሉ ላይ በንድፈ ሐሳብ ከሚወስደው ኃይል እስከ 78.5 በመቶውን ወደ ሞገድ ይለውጣል ብለን ነበር አይደል? የሞገዱ ቁመት በግማሽ ሲቀንስ 39 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ሙቀት ነው፤ የእማዬ ቻርጅ የሚያልቀው እዚያ ነው።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። 4ጂን የነደፉት ሰዎች ከስልክ ወደ ታወር ለሚሄደው ሞገድ ጫፉ ዝቅ ያለ ዓይነት የመረጡት ለዚሁ ብለው ነው። ዶኸርቲ የሚባል መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1936 ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየር አጣመረ፤ አንዱ ሁሌ ይሠራል፣ ሁለተኛው ጫፍ ሲመጣ ያግዛል። ዛሬ ታወሮች ላይ በብዛት የሚሠራው የእሱ ሐሳብ ነው። ስልክ ላይ ግን እጅ አንቴናውን በነካ ቁጥር ሚዛኑ ስለሚዛባ ይከብዳል። እኔ የወደድኩት ኢንቨሎፕ ትራኪንግን ነው። ለፒኤዋ የሚሰጠው ቮልቴጅ የሞገዱን ቁመት እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል፣ ጄኔሬተሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነዳጅ እንዲጠጣ ማለት ነው። ቺፕ አምራቹ ኳልኮም ለስልክ የሚሆነውን ቺፕ በፈረንጆቹ 2013 አወጣው።

ደንበኞቼ ስልክ ሲገዙ የሚጠይቁት ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ነው። ስለ ፒኤ የሚጠይቅ አንድም ሰው አላየሁም። ታወር ርቆት ለሚኖር ሰው ግን ከካሜራው ይልቅ እሷ ትበልጣለች፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

ለጊዜው ለእማዬ ታወሩ ባለበት አቅጣጫ መስኮት ላይ መደርደሪያ ሠራሁላት። በእጇ እንዳትሸፍነው ኢርፎን ገዛሁላት። ማታ ማታ ወደ 2ጂ እንድትቀይረው አሳየኋት፤ 4ጂው እየመጣ እየጠፋ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ነበር የሚያድረው። አሁን ቻርጁ ያነጋላታል።

አዳማ እያስተማርሽ ነው ብለውኛል። ላብራቶሪያችሁ ውስጥ ስፔክትረም አናላይዘር፣ ያ የሬዲዮ ሞገድ መለኪያው፣ አለ? እኔ ጋ አንድ ካርቶን ሙሉ የተበላሹ ስልኮች ቦርድ አለ፣ ብዙዎቹ ፒኤያቸው ደህና ነው። በርካሽ ስልኮች ላይ ያሉትን አንድ በአንድ መለካት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ብትዪኝ አርብ ማታ እመጣለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ደብተር አንቺ ጋ ከሆነ ደግሞ፣ ስለ ክላስ ቢ የጻፍንበትን ገጽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።

ያንቺዋ ትዕግስት