አቡሽዬ፣ ጅማ ሳትሄድ ይቺን አንብብ

አቡሽዬ፣ ፊት ለፊት ስነግርህ "እሺ እማ፣ እሺ" ትልና ስልክህ ላይ ትደፋለህ። ስለዚህ እዛው ስልክህ ላይ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ጥናት። አንተ ሃንድአውቱን በአራት ቀለም ታሰምርበታለህ፣ ደጋግመህ ታነበዋለህ፣ ከዛ "ገብቶኛል" ብለህ ትተኛለህ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተማሪዎች ጽሑፍ ሰጧቸው፤ አንዳንዶቹ ደግመው አነበቡት፣ ሌሎቹ ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እኔም በማስተምርበት ክፍል የማየው ይሄንኑ ነው። አንድ ምዕራፍ ስትጨርስ ዝጋው፣ ባዶ ወረቀት አውጣና የያዝከውን ጻፍ፤ እስክሪብቶው የቆመበት ቦታ ላይ ነው ተመልሰህ የምታጠናው። በሽምደዳ ሚድና ፋይናል ይታለፋል፣ አውቃለሁ። ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምረህ የምትረሳውንም ይጠይቅሃል።

ማትስ ከከበደህ ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መስጫ ግባና ከሊሚት ጀምር። ነጻ ነው። የግቢው ዋይፋይ ሲሠራ እይ፣ ለሱ ብለህ ፓኬጅ አትጨርስ፤ ጥያቄዎቹን ደግሞ በእጅህ ሥራቸው። የፍሬሽማን ሞጁል ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በጋራ የተዘጋጀ ስለሆነ ሐዋሳ የደረሰው ጓደኛህ የሚልክልህ ዎርክሺትም ይጠቅምሃል። ቴሌግራም ላይ "የፈተና መልስ አለን" ለሚሉት ግን አምስት ሳንቲም እንዳትልክ!

አሁን ወደ ካልሲህ። ጅማ ዝናብ ታበዛለች፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ቅዳሜን ጠብቀህ ሁሉንም ባንዴ ካጠብክ ሰኞ እርጥብ ሱሪ ለብሰህ ክላስ ትገባለህ። ካልሲና የውስጥ ልብስ ማታ ማታ እጠብ፣ ጂንሱን ፀሐይ ስታይ። ነጩን ከቀለማሙ ለይ፤ በረኪና ነጩ ላይ ብቻ ነው።

በሶ ቋጥሬልሃለሁ። የካፌው ምግብ አልወረደልህ ሲል ወይ ማታ ስታጠና ሲርብህ ትንሽ ጨውና በርበሬ ጣል አድርግበት፣ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርክ ጨብጠው፤ ባንዴ ካፈሰስክበት ሙቅ ይሆንብሃል። ስኳር ከወደድክ በጥብጠህ ጠጣው። ለዶርም ልጆችም አካፍል፣ ብቻህን ስትበላ እንዳልሰማ።

ብር በየሳምንቱ እሁድ በቴሌብር እልክልሃለሁ። በወር የማልልከው በመጀመሪያው ሳምንት በርገር ቤት እንደሚያልቅ ስለማውቅ ነው፣ አትቆጣ። ፒንህን ለማንም አትንገር፣ "ተሳስቼ ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ" ብሎ የሚደውልም ይኖራል፤ መጀመሪያ ሂሳብህን እይ። ለጓደኛ ስታበድር ባይመለስ የማትጣላበትን ያህል ብቻ ስጥ።

ካመመህ የግቢው ክሊኒክ ሂድ፣ ፋርማሲ ገብተህ በግምት አንቲባዮቲክ አትግዛ።

ጋን ቁልፉ የሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ትርፍ ቁልፉን ከመታወቂያህ ጋር አታስቀምጠው፣ ሁለቱም ባንዴ ይጠፋሉ። ስትደርስ ደውል፤ ባትሪ ካለቀብህ በሰው ስልክ።

እማ