የሙቅ ውሃ መስመር በፒቪሲ የፕላስቲክ ቱቦ የማንዘረጋበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

የመታጠቢያ ቤት ሥራ ስንረከብ ብዙዎቻችሁ «ቀዝቃዛውን በፒቪሲ ከዘረጋችሁ ሙቁንም በዚያው ጨርሱት፣ ዋጋው ይቀንስልናል» ትሉናላችሁ። ሁሉ ነገር በተወደደበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለፍሳሽና ለቀዝቃዛ ውሃ ፒቪሲን እኛም እንመርጠዋለን። ለሙቁ ግን እሺ የማንልበት ምክንያት አለን።

ፒቪሲ እንደ በረዶ በአንድ ዲግሪ ላይ ድንገት አይቀልጥም። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን አጥቶ ይለመጣል። ጉዳቱ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይጀምራል፦ በ23 ዲግሪ ከሚችለው የውሃ ግፊት፣ በ60 ዲግሪ ሩቡን እንኳ አይችልም። 60 ዲግሪ ደግሞ ለቤት ማሞቂያ የተለመደ ሙቀት ነው። ቱቦው ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ለዓይን ደህና መስሎ ሳለ፣ ሊፈነዳ ወይም ከመገጣጠሚያው ሊለቅ ይችላል። ውሃው ግድግዳ ውስጥ ስለሚፈስ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ቀለሙ መላጥ ሲጀምር ነው።

ሶላር (በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ) ያላችሁ የበለጠ አስቡበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ በበረታችበት ቀን ውሃው ሳይቀዳ ከዋለ፣ ባለ መስታወት ቱቦው ሶላር ወደዚያ ሊያደርሰው ይችላል። ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሶላሩ ባዶውን ከዋለማ የመስታወቱ ውስጥ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እባካችሁ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ሌሊቱን ይቀዝቅዝና ጠዋት ፀሐይ ሳያገኘው ሙሉት።

ስለዚህ ለሙቁ መስመር ፒፒአር የተባለውን፣ ሙቀት የሚችለውን የፕላስቲክ ቱቦ እንጠቀማለን። ፒፒአር የሚቀልጠው ከ130 ዲግሪ በላይ ነው፤ የምንበይደውም ማሽኑን 260 ዲግሪ አድርሰን ነው። 20 ሚሊሜትሩን ቱቦ የምናሞቀው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ሠራተኞቻችንን አታቻኩሏቸው የምንለውም ለዚህ ነው። ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፤ 10 ሜትር ቱቦ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ 7.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። በረጅም መስመር ላይ ኩርባ ስንተው የምታዩት ይህንን ለማስተናገድ ነው።

ሌላ ባለሙያ የዘረጋላችሁ የሙቅ ውሃ መስመር ፒቪሲ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ግድግዳው ከመለሰኑ፣ ሴራሚኩም ከመለጠፉ በፊት ደውሉልን፤ መጥተን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የቧንቧ ሥራ ክፍላችን