የጌም ክበብ፦ ከ1,024 መጨረሻ ወደ 3

ዘንድሮ ክበባችን የዓመቱን ግማሽ በክርክር ነው የፈጀው ብል አላጋነንኩም። አርፒጂ ጌም ላይ (አንድ ገጸ ባሕሪ ሆነህ ታሪኩን የምትኖርበት ዓይነት ጌም) ታሪኩን የሚያሳምረው የምርጫው ብዛት ነው ወይስ አጻጻፉ? ልጆቹ ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በ2011 የወጣውን ዊቸር 2 ይዞ መጣ፣ እዛ ላይ ሮሽና ኢዮርቬት ከሚባሉ ሁለት ተፋላሚ ገጸ ባሕሪያት ከአንዱ ጋር መወገን አለብህ፣ እንደመረጥከው ሁለተኛው ቻፕተር ከሞላ ጎደል ሌላ ጌም ነው የሚሆነው። ሌላው ወገን ፋይናል ፋንታሲ 7ን አነሳ፣ የ1997 ጌም ነው፣ ኤሪስ የምትባለዋን ገጸ ባሕሪ ምንም ብታደርግ ከሞት አታድናትም፣ ግን እስከዛሬ የሚወራው ስለሷ ነው። እኔ ዳኛ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ (ልቤ ግን ከኤሪስ ጋር ነበር)።

ክርክሩ ሲያሰለቸን በቃ ራሳችን እንስራ ተባለ። ትዋይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኮድ ባትችልም ታሪኩን በሳጥን በሳጥን እየጻፍክ ታያይዘዋለህ። ታሪካችን ወንድሙን ስለሚፈልግ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ያሰብነው 10 ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ ልጅ ቦርድ ላይ ወጥቶ 2፣ 4፣ 8 እያለ 1,024 የተለያየ የታሪክ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። እሺ ምርጫው 5 ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፣ 32 መጨረሻ፣ እሱም ሁለት ወር ፈጀብን፣ ስክሪኑ የሸረሪት ድር መሰለ፣ እያንዳንዱ መጨረሻ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ። ከሌላ ክበብ አንድ ልጅ ጠርተን አስሞከርነው፣ ሦስቴ ተጫወተና "ግን ሰውዬው ወንድሙን ለምንድነው የሚፈልገው?" አለ። ማንም አልጻፈውም ነበር!

ከዛ በኋላ ነው የተስተካከለው። መንገዶቹ ይለያዩና ተመልሰው ይገናኛሉ፣ ብዙ ጌም ሰሪዎችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ ብቻ ጌሙ ያደረግከውን አይረሳም። ለምሳሌ መጀመሪያ ላይ አሮጊቷን ዋሽተሃት ካለፍክ፣ ወንድምየው ቤት ስትደርስ ቀድማ ነግራዋለች፣ በሩን አይከፍትልህም፣ በቁልፍ ቀዳዳ ነው የምታወራው። ይህን የጻፈችው ዓመቱን ሙሉ ሦስት ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ናት። መጨረሻዎቹም 3 ብቻ ቀሩ።

የምርጫ ወገኖቹ አልተረቱም፣ "በሩን ያዘጋው ምርጫው ነው" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አሁን ያልተስማማነው ዋሽቶ በሩ ሲዘጋበት ወደኋላ ተመልሶ እውነቱን የሚናገረውን ተጫዋች ምን እናድርገው በሚለው ነው፣ ወደኋላ የምትመልሰዋን ቀስት እናጥፋት ያለ አለ፣ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ግን "አይ፣ ትኑር፣ አሮጊቷ ትወቅበት" አለች።