ጎድኔ ተሰብሮ ሳለ ላሳቃችሁኝ ሁሉ

አምፖል ልቀይር ብዬ ከመሰላል ከወደቅኩ እነሆ ዘጠኝ ሳምንት ሞላኝ። አራት የጎድን አጥንትና የግራ ጭኔን ሰብሬ ነበር። ዛሬ በአንድ ምርኩዝ እሄዳለሁ። ትናንት ደግሞ ሳያመኝ አስነጠስኩ። ተሰብሮ የማያውቅ ሰው የዚህ ደስታ አይገባውም።

ውለታችሁ ተቆጥሮ አያልቅም። «እንዳትነኩት!» ብሎ ጮሆ አምቡላንስ የጠራልኝ ጎረቤቴ፣ አጥንቴን የገጠማችሁ ሐኪሞች፣ ሌሊት ሌሊት ያገላበጣችሁኝ ነርሶች፣ እንቅልፏን ያጣችው ባለቤቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን እዚህ አላመሰግናትም። «እኔ ባዳ ነኝ እንዴ?» ብላ ትቆጣኛለች።

አሁን ወዳሳቀኝ መጽሐፍ ልለፍ፤ ለምን እንደጠቀመኝ እንዲገባችሁ ግን ከጎድኔ ልጀምር።

ጎድን ሲሰበር እንደ እግር ጄሶ አይደረግለትም። እስኪጠግን መጠበቅ ነው። ክፋቱ፣ ሰው ህመሙን ፈርቶ አጭር አጭር መተንፈስ ይጀምራል። ሳንባ በደንብ ካልተነፋ ደግሞ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ትራስ ደረትዎ ላይ ይቀፉና በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ይሳሉ» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። ዞር ስትል እተኛለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ስልኬን ተቀብላ አንድ ፋይል ጫነችልኝና «ይሄ ሰውዬ ካንተ የባሰበት ነው፣ አንብበው» አለችኝ።

የአሜሪካዊው ደራሲ የአንዲ ዊር ልብ ወለድ፣ «ዘ ማርሺያን» ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፊልም አይቼዋለሁ። መጽሐፉ መጀመሪያ በነፃ የተለቀቀ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ዊር የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበር። ከዚያ በፊት የጻፈውን ይዞ ከአሳታሚ የሚያገናኘው ወኪል ቢፈልግ ፊት የሚሰጠው አጣ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ በነፃ ያወጣው ጀመር። ኬሚስትሪ የሚያውቁ አንባቢዎች ስህተቱን ሲነግሩት ያርማል። ሲጨርስ «ለኪንድል አመቻችልን» አሉት፤ ኪንድል የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። አማዞን በነፃ አልለቅም ስላለው ዝቅተኛውን ዋጋ፣ 99 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለጠፈበት። የሚገርመው በነፃ ካወረደው የገዛው በለጠ። በ2014 እ.ኤ.አ. ትልቅ አሳታሚ አወጣው፤ አሁን የሚገኘው በግዢ ነው። ባልደረባዬ የሰጠችኝ ያኔ በነፃ አውርዳ ያቆየችውን ነው።

የታሪኩ ባለቤት ጠፈርተኛው ማርክ ዋትኒ የዕፅዋት ተመራማሪና መካኒካል መሐንዲስ ነው። ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ማርስ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ሰውዬው ቁጭ ብሎ አያለቅስም። ማስታወሻ ይጽፋል፣ በማስታወሻው ደግሞ በራሱ ላይ ይቀልዳል። በራሱ ዓይነ ምድር ድንች ያበቅላል። ያለው ሙዚቃ የጉዞው አዛዧ ትታው የሄደችው ዲስኮ ነው። ከሞት ይልቅ ዲስኮው ያስመረረው ይመስላል።

እኔን የጨረሰኝ ግን የውሃው ነገር ነው። ለድንቹ ውሃ ለመሥራት ከሮኬት ነዳጅ፣ ከሃይድራዚን፣ ሃይድሮጂን አውጥቶ ያቃጥላል። ሁሉን አስልቷል። በመጨረሻ ድው! ፍንዳታው አንስቶ ወረወረው። ስህተቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኦክስጅን ጭምብል አጥልቆ ሲሠራ፣ ከአፉ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ሃይድሮጂኑን የሚያፈነዳ ኦክስጅን እንዳለ ረስቷል። ያን ሁሉ አስልቶ የገዛ ትንፋሹን!

ሰው «በሳቅ ፈረስኩ» ይላል። እኔ ቀድሜ ፈርሼ ነው የሳቅኩት። ትራሴን አቀፍኩ። እንባዬ ወረደ፣ ከህመሙ ይሁን ከሳቁ አልለየሁትም። ነርሷ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆኑ?»

«ትንፋሹን... ትንፋሹን...» አልኳት።

ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏት ኦክስጅን ልታደርግልኝ ነበር። ሲስተር፣ ይቅርታ። አንቺንም አመሰግናለሁ።

እንከን የለውም አልልም። መነሻው ላይ ሮኬት የሚያዘም ማዕበል አለ። የማርስ የአየር ግፊት ግን ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያን ጉልበት ከየት አመጣው? ዊር ራሱ እያወቀ እንዳደረገው ተናግሯል። ምድር ላይ ያሉት የናሳ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት፣ ሰዎችም በአንድ አፍ የሚያወሩ ይመስላሉ። ደግሞ ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ይፈራ ነበር። እኔም አሁን መሰላል እፈራለሁና እንግባባለን።

ከዚያ ወዲህ የትንፋሽ ልምምዴን አልዘለልኩም ብል ውሸት ነው። ግን ማታ ማታ ሳነብ ሳላስበው በረጅሙ እተነፍስ ነበር። አጠገቤ የተኙት አዛውንት «ምንድን ነው የሚያስቅህ?» አሉኝ። እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር። ጠዋት ሐኪሙ ሳይመጣ «ያ ባለ ድንቹ ልጅ ምን ደረሰ?» ይሉኛል። ልጁ ሲሳሳት እንደ አባት ይቆጣሉ። ከመድኃኒቱ ይልቅ እሳቸውን እጠብቅ ነበር ብል ሐኪሞቹ አይቀየሙኝም።

አባባ፣ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን ተሽሎዎት ወጡ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ተናደድኩ። ስልክዎን ሳልይዝ ቀረሁ። ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ ያስደውልልኝ። የልጁን መጨረሻ እዚህ አልጽፈውም፣ ላላነበቡት ይበላሽባቸዋል። ለእርስዎ በቃል ነው የምነግርዎት።