ልጄ ጨርሺው

ሚጣዬ እንዴት ሰነበትሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት አክስትሽ ደውላ ቴሲሷን ለሌላ ሴሚስተር አራዘመችው ስትለኝ የምለው ጠፋኝ። አንድ አርካይቭ፣ የድሮ ሰነድ ቤት፣ ይቀረኛል ትያለሽ አሉ። ላንቺ መቼ የሚቀር ነገር ጠፍቶ ያውቃል? ልጄ ጨርሺው።

ስለዚያ ጀርመናዊ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ፣ ስለ ፎርክል፣ እኮ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። የጫማ ሰፊ ልጅ፣ በነሱ አቆጣጠር በ1769 ሕግ ልማር ብሎ ጎቲንገን መጥቶ፣ የዩኒቨርሲቲው ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ፣ በኋላም የሙዚቃ ዳይሬክተር ተብሎ እስኪሞት እዛው የቀረ። የሙዚቃን ታሪክ ከጥንት ጀምሬ ሁሉንም እጽፋለሁ ብሎ ተነሳ፣ አንደኛው ቅጽ በ1788 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1801፣ እሱም 16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቀረ። ነፍሱ የሚወደው የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ጋ ሳይደርስ! ደግነቱ ነቃ፣ የባኽን ነገር ለመጨረሻው ቅጽ ነበር ያስቀመጠው፣ እንደማይደርስበት ሲያውቅ በ1802 ለብቻው በቀጭን መጽሐፍ አወጣው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በሷ አይደል? የባኽን ልጆች፣ ካርል ፊሊፕንና ፍሪደማንን፣ በሕይወት እያሉ ስለጠየቀ ነው እንጂ መጽሐፉ ሲወጣ ሁለቱም አፈር ለብሰው ነበር። ቆይ ቢል ማንን ሊጠይቅ ነበር?

ደግሞ ያ ፎርክል እንቅልፍ ላጣው ባላባት ተጻፈ ብሎ ያወራለትን፣ ጎልድበርግ የምትዪውን የባኽ ሙዚቃ ሌሊት ከፍቼው ነበር፣ እኔን ጭራሽ አነቃኝ።

አባትሽም እንዳንቺ ነበር። የክራር ካሴቶቹን ታውቂያቸው የለ፣ ማን እንደሚዘፍን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ከጎጃም የሚመጡልኝ አሉ፣ እነሱ ይድረሱ ይል ነበር። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ "ሀ"፣ "ለ" ብቻ ነው ያለው። ስማቸውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ፈትል ስፈትል አንተ ንገረኝ እኔ ልጻፍ ማለት እንዴት አቃተኝ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ባለፈው አንዱን ሳጫውት የሆነች ሴትዮ እንዴት አድርጋ እንደምትዘፍን ብትሰሚ፣ ማን ትሁን ማን እንጃ።

እና ጨርሺው። ስስ ቢሆንም ጨርሺው፣ ፕሮፌሰርሽ ቢቆጣ አይበላሽም። ምግብ ሳትበዪ ላይብረሪ አትግቢ። በርበሬና ሽሮ በሰው ልኬልሻለሁ፣ ፍራንክፈርት ሄደሽ ተቀበዪ፣ ሽሮው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ብር አለ ለኮት ነው፣ ለመጽሐፍ አይደለም!

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰኞ ላኪለት። ስትልኪ ስክሪንሾት አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ በዚህ ነገር አላምንሽም።

እናትሽ